ሞት ቀለም ይለያልን?

ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ መሞቱ የማይቀር ዕዳ መሆኑን ከሊቅ እስከ ደቂቅ ሁሉ የሚያውቀው ስለ ሆነ፣ ይህን ለማስረዳት ቀለም መጨረስ አያስፈልግም። ዳሩ ግን ዕዳው ለሁሉ አንድ ሲሆን የመክፈያው ቀን ለሁሉ አንድ አይደለም። ይልቁንም ባንድ አገር፣ ባንድ ከተማ፣ ባንድ ሕግ ሥር ከሚኖሩ ሰዎች መካከል የአንዱ ወገን ሰዎች ከሌላው ወገን ቀድመው ባንድ በሽታ የሚወድቁ መሆናቸውን ስንሰማ፣ ይህ ከምን የመጣ ነው ብሎ መጠየቅ የአእምሮ ግዴታ ነው። እኔም ዛሬ ለአንባቢ የማቀርበው ይህን ጥያቄ ነው። በሽታው ሐኪሞች ስትሮክ የሚሉት፣ በአማርኛ የአንጎል ምት የተባለው ነው፤ አገሩም አሜሪካ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

አስቀድሞ የበሽታውን ጠባይ ጥቂት እንናገር። አንጎል የሚኖረው ደም በየቅጽበቱ በሚያመጣለት ምግብና አየር ነው። ደሙን የሚያደርሰው ሥር በረጋ ደም ሲደፈን፣ ወይም ተቀዶ ደሙ ወደ ውጭ ሲፈስ፣ በዚያ ሥር ይመገብ የነበረው የአንጎል ክፍል ወዲያው መሞት ይጀምራል። በአሜሪካ ከሚደርሰው ምት ከ100 ሰው በ87ቱ ላይ የሚደርሰው የመደፈን፣ በቀሩት ላይ የሚደርሰው የመፍሰስ ነው። ትልቅ ሥር በተደፈነ ጊዜ በያንዳንዱ ደቂቃ 1.9 ሚሊዮን ያህል የአንጎል ሕዋሳት እንደሚጠፉ ሊቃውንቱ ገምተዋል። ምልክቱም የተሰወረ አይደለም፤ ፊት ባንድ ወገን ይጣመማል፤ ክንድ ወይም እግር ባንድ ወገን ይዝላል፤ አንደበት ይተሳሰራል፤ ይህም ሁሉ በድንገት ነው። የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት በአሜሪካ መንግሥት ዘንድ በ1996 ዓ.ም. ተፈቅዷል፤ ነገር ግን ምቱ ከጀመረ በ3 ሰዓት ውስጥ፣ በ2008 ዓ.ም. ከወጣውም ጥናት ወዲህ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ መሰጠት አለበት። ሰዓቱ ካለፈ መድኃኒቱ ከሚጠቅመው ይልቅ የሚጎዳው ይበዛል።

ፊደል የቈጠረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ «ምት» የሚለውን «ሞት» ለማድረግ አንዲቱን ፊደል ከሳድስ ወደ ሳብዕ ማሻገር ብቻ ይበቃል። በቅኔ ቤት ያደግን ሰዎች እንዲህ ያለ የፊደል ጉርብትና ሲገጥመን ዝም ብለን አናልፈውም፤ ሰሙን ከወርቁ ሳንለይ አንነሣም። ሁለቱ ቃላት እንዲህ ቢቀራረቡም ሁለት ነገር ናቸውና፣ የአንድ ወገን ሰዎች በዚህ በሽታ አብዝተው ሞቱ ሲባል ሁለት ነገር መጠየቅ ይገባል። አንደኛው፣ ብዙ የሞቱት ብዙ ስለ ተመቱ ነውን? ሁለተኛው፣ ወይስ የሚመቱት እንደ ሌላው ሰው ሆኖ ሳለ፣ ከተመቱ በኋላ የሚያነሣቸው አጥተው ነውን? የፊተኛው ጥያቄ ከምት በፊት ያለውን ኑሮ ይመረምራል፤ የኋለኛው ከምት እስከ ሞት ያለውን አጭር መንገድ ይመረምራል። ሁለቱን ያልለየ ሰው ቤቱ ሲቃጠል ውኃውን በጎረቤቱ ጣራ ላይ እንደሚያፈስ ሰው ይሆናል።

ወደዚህ ነገር የመራኝ ንባብ ብቻ አይደለም። የታላቅ ወንድሜ ልጅ በዋሽንግተን ከተማ አጠገብ በሜሪላንድ ይኖራል። ሌሊት ሌሊት ታክሲ እየነዳ ሦስት ልጆች የሚያሳድግ፣ እናቱንም እዚህ የሚጦር፣ ትጉህ ሰው ነው። በ2019 ዓ.ም.፣ በ48 ዓመቱ፣ ከሌሊት ሥራ ተመልሶ ግራ እጄ ደነዘዘብኝ ብሎ ለባለቤቱ ነገራት፤ የድካም ነገር መስሏቸው ተኛ። ቀትር ላይ ሲነቃ እጁም እግሩም አልታዘዝ አሉት። ሐኪም ቤት ሲደርስ የመድኃኒቱ ሰዓት አልፎ ነበር። ነፍሱ ተርፋ ዛሬ በምርኩዝ ይራመዳል፤ መኪና መንዳት ግን ቀርቶበታል።

ከወራት በኋላ አንደበቱ ሲፈታለት በስልክ ጠራኝና፣ «አጎቴ፣ እስቲ አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ አያቴ በምን ሞቱ?» አለኝ። «ምነው ልጄ?» ብለው፣ «ሐኪም ቤት የገባሁ ዕለት ዘርህን ምረጥ የሚል ወረቀት ነበረ፤ ባለቤቴ ጥቍር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ ከሚለው ላይ ምልክት አደረገችልኝ። ኋላ ሐኪሙ ይህ በሽታ በጥቍሮች ላይ ይበረታል አለኝ። እኔ ግን አልገባኝም። በዘራችን ኖሮ ተከትሎኝ መጣ ወይስ እዚህ አገር ጠብቆ አገኘኝ?» አለ። «አያትህ ሰማንያ አልፏቸው፣ ሞፈር ከሰቀሉ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው ያረፉት፤ የደማቸውን ግፊት ግን በዕድሜያቸው ሙሉ የለካው ሰው የለም። የቀረውን ጠይቄ እነግርሃለሁ» አልሁት። ከዚያም እንግሊዝኛ አጥርቶ ከሚያውቅ ከአንድ ወጣት ሐኪም ጋራ፣ እሱ እየተረጐመ እኔ እየጻፍሁ፣ ክረምቱን ሙሉ ይህን ነገር መረመርን።

በአሜሪካ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ሐኪሞች «የምት መቀነት» ብለው የሰየሙት ምድር አለ። እርሱም ሰሜን ካሮላይናን፣ ደቡብ ካሮላይናን፣ ጆርጂያን፣ አላባማን፣ ሚሲሲፒን፣ ቴነሲን፣ አርካንሶንና ሉዊዚያናን የሚያጠቃልል ነው። በዚህ ምድር ምት የሚገድላቸው ሰዎች ከቀረው አገር ይልቅ የበዙ መሆናቸው በ1965 ዓ.ም. በታተመ ጽሑፍ ተገልጧል። በባሕሩ ዳር ያለውን የሁለቱን ካሮላይናዎችና የጆርጂያን ሜዳ ደግሞ ሞቱ ይልቁን ስለሚበረታበት የመቀነቱ ዘለበት ይሉታል። ልብ ማድረግ የሚገባው ይህ ነው፤ በዚያ ምድር የሚበዛው የጥቍሮች ሞት ብቻ አይደለም፤ ነጮቹም በሌላው የአሜሪካ ክፍል ከሚኖሩት ነጮች ይልቅ በምት ይሞታሉ። በ2009 ዓ.ም. የወጣ ጥናት ደግሞ በዚያ ምድር የተወለደ ሰው አድጎ ወደ ሌላ ቦታ ቢሄድ እንኳ አደጋው ፈጽሞ እንደማይለቀው አመለከተ። እንግዲህ ቦታ ራሱ በሥጋ ላይ ማኅተም ያትማል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ከሥሩ ለመመርመር በበርሚንግሃም ከተማ ያለው የአላባማ ዩኒቨርሲቲ አንድ ታላቅ ጥናት አቋቋመ፤ ስሙም ባጭሩ ሪጋርድስ ይባላል። ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. ድረስ 45 ዓመት የሞላቸውንና ከዚያ በላይ የሆኑትን 30,239 ጥቍርና ነጭ ሰዎች መዘገቡ፤ ከነዚህም እኩሌታ የሚበልጡት በመቀነቱ ምድር የሚኖሩ ነበሩ። ወደየቤታቸው ሰው ተልኮ የደማቸው ግፊት ተለካ፣ ደማቸው ተቀዳ፤ ከዚያም በየስድስት ወሩ ምን ደረሰባችሁ እየተባሉ በስልክ ይጠየቁ ነበር። ሞትን በወሬ ሳይሆን ሰውን በሕይወቱ ሳለ ተከትሎ መቍጠር ማለት ይህ ነው።

የተገኘውም ነገር የሚያስደነግጥ ነው። ከ45 እስከ 54 ዓመት ባለው ዕድሜ በጥቍሮቹ ላይ የደረሰው ምት በነጮቹ ላይ ከደረሰው አራት እጥፍ ያህል ሆነ። ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ ልዩነቱ እየጠበበ ሄዶ በ85 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑት ዘንድ ፈጽሞ ጠፋ። እንግዲህ ልዩነቱ የሚበረታው ሰው ሠርቶ ልጅ በሚያሳድግበት ዕድሜ ነው። ሽማግሌ ሲወድቅ ቤቱ ያዝናል፤ የአርባ ስምንት ዓመት አባወራ ሲወድቅ ግን ቤቱ አብሮ ይወድቃል። ይህን ባነበበልኝ ጊዜ ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝ፤ የወንድሜን ልጅ ዕድሜ ያውቅ ነበርና ጥቂት ጊዜ ሁለታችንም ሳንነጋገር ቈየን።

አሁን ወደ ሁለቱ ጥያቄዎቻችን እንመለስ። እነዚሁ መርማሪዎች በ2016 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፣ የጥቍሮች ሞት የበዛው ከተመቱ በኋላ አብዝተው ስለሚሞቱ ነው ወይስ አብዝተው ስለሚመቱ ነው ብለው ጠየቁ። ከምት በኋላ የመሞቱ መጠን በጥቍርና በነጭ መካከል እምብዛም ሳይለያይ ተገኘ። ልዩነቱን የወለደው በብዛት መመታታቸው ነው። ይህም ማለት፣ ምክንያቱ በዋናው ነገር ሐኪም ቤት ከተደረሰ በኋላ ሳይሆን ከዚያ አስቀድሞ በነበሩት ሃያና ሠላሳ ዓመታት ውስጥ ያለ ነው። ስለ ታመሙት ሰዎች መታከም መድከም መልካም ሆኖ ሳለ፣ ልዩነቱን ለማጥፋት የፈለገ ሰው ግን ገና ያልታመሙትን መጠበቅ አለበት። በእንግሊዝ አገርም በለንደን ከተማ ደቡብ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያዝ የምት መዝገብ፣ ከካሪቢያን ደሴቶችና ከአፍሪካ የመጡት ጥቍሮች ከነጮች ይልቅ እንደሚመቱና በለጋ ዕድሜ እንደሚመቱ ያሳያል።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰው፣ እንግዲያስ ነገሩ የዘር ነው ብሎ ቶሎ መፍረድ ይወድዳል። ዘር የሚለው ቃላችን ሁለት ነገር ይሸከማል፤ የሰውን ትውልድና ገበሬ የሚበትነውን ፍሬ። ገበሬ አንዱን ጤፍ በሁለት ማሳ ዘርቶ አንዱ ቢያፈራለት ሁለተኛው ቢቀጭጭበት፣ ዘሩ ሁለት ሆነ አይልም፤ መሬቱን፣ ዝናቡንና አረሙን ይመረምራል። የሰውንም ነገር እንዲሁ የመረመሩ አሉ። ሪቻርድ ኩፐር የሚባሉ አሜሪካዊ ሐኪምና ባልንጀሮቻቸው ከምዕራብ አፍሪካ የተገኘውን ትውልድ በሦስት ምድር ተከትለው ደም ብዛትን ለኩ፤ ደም ብዛት ለምት ዋናው በር ነውና። በ1997 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ ደም ብዛት ያለበት በምዕራብ አፍሪካ ከ100 ሰው 16፣ በካሪቢያን ደሴቶች 26፣ በአሜሪካ 33 ሆኖ ተገኘ። ትውልዱ ያው ሲሆን ምድሩ ሲለወጥ ቍጥሩ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ የአውሮፓን ትውልድ ጨምረው ሲያስተያዩ፣ ደም ብዛት ያለባቸው በናይጄሪያ ከ100 ሰው 14፣ በአሜሪካ ነጮች ዘንድ 27፣ በአሜሪካ ጥቍሮች ዘንድ 44፣ በጀርመን አገር ደግሞ 55 ሆኑ። ጥቍረት ብቻውን ደምን የሚያበዛ ቢሆን ኖሮ ናይጄሪያ ከሁሉ በታች፣ ጀርመን ከሁሉ በላይ ባልሆኑም ነበር።

የጃፓን ሕዝብ ነገርም ይህንኑ ይመሰክራል። በጃፓን ከ1951 እስከ 1980 ዓ.ም. ድረስ ሰውን በመግደል ቀዳሚው በሽታ ምት ነበረ። በ1965 ዓ.ም. የተጀመረ ጥናት በሂሮሺማና በናጋሳኪ ያሉትን ጃፓናውያን ወደ ሆኖሉሉና ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ከተሻገሩት ወገኖቻቸው ጋራ አስተያየ፤ በአገራቸው በቀሩት ላይ ምት ሲበረታ፣ ወደ ሃዋይ ደሴት በተሻገሩት ላይ ቀለለ፤ በተሻገሩት ላይ ግን የልብ ሥር በሽታ ከፍ አለ። በጃፓንም ጨው የበዛበት ምግብ እየተቀነሰ፣ ደም ብዛትም እየተለካና እየታከመ ሲሄድ የምት ሞት እጅግ ወረደ። የጃፓናውያን ዘር በነዚያ ዓመታት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ገበታውና ሕክምናው ነው።

ከወላጅ የሚወረስ ምክንያት ጨርሶ የለም ማለቴ አይደለም። ሲክል ሴል የሚባለው፣ ቀይ የደም ሕዋሳትን እንደ ማጭድ የሚያጐብጥ በሽታ ከወላጆች የሚወረስ ሆኖ ሕፃናትን ሳይቀር በምት ይጥላል። ዳሩ ግን ይህ የጥቂቶች ደዌ ስለ ሆነ በ45ና በ50 ዓመታቸው የሚወድቁትን እነዚያን ብዙ ጎልማሶች አያስረዳም።

ታዲያ ከምት በፊት ባሉት ዓመታት ውስጥ ያለው ነገር ምንድር ነው? የሪጋርድስ መርማሪዎች ደም ብዛትን፣ የስኳር በሽታን፣ ትንባሆን፣ የልብ ሕመምን፣ እንዲሁም የትምህርትንና የገንዘብን ማነስ ባንድነት ሲቈጥሩ የልዩነቱን ግማሽ ያህል አስረዳላቸው፤ ከሁሉም የሚከብደው ደም ብዛት ሆነ። ስለ ደም ብዛትም ሁለት የሚያስደንቅ ነገር አገኙ። አንደኛው፣ ጥቍሮቹ ደም ብዛት እንዳለባቸው ከነጮቹ ይልቅ የሚያውቁ፣ መድኃኒትም ከነጮቹ ይልቅ የሚወስዱ ሆነው ሳሉ፣ መድኃኒት ከሚወስዱት መካከል ግፊታቸው በልክ የሚሆንላቸው ያነሱ መሆናቸው ነው። ሁለተኛው በ2013 ዓ.ም. የታተመ ነው፤ ከሁለቱ ቍጥሮች የላይኛው በ10 ነጥብ ከፍ ሲል በነጮቹ ላይ የምት አደጋ ከመቶ 8 እጅ ሲጨምር፣ በጥቍሮቹ ላይ ግን ከመቶ 24 እጅ ጨመረ። አንዱ ሸክም በአንዱ ትከሻ ላይ ሦስት እጥፍ ከበደ ማለት ነው።

ስለምን ከበደ? ሸክም የሚከብደው በተሸከሙት ዘመን ብዛት ጭምር ነው። ደም ብዛት በሠላሳ ዓመቱ የጀመረው ሰውና በሃምሳ ዓመቱ የጀመረው ሰው በስድሳ ዓመታቸው አንድ ቍጥር ቢያሳዩ እንኳ ሥሮቻቸው አንድ አይደሉም። ሌላም አለ። በአሜሪካ ደቡብ ጥቍሮች ወደ ነጮች ሐኪም ቤት እንዳይገቡ፣ ወይም በተለየ ክፍል እንዲተኙ የሚያደርግ ሥርዓት ለብዙ ዘመን ጸንቶ ኖሯል። በ1964 ዓ.ም. የሲቪል መብት ሕግ ከወጣ በኋላ፣ በ1966 ዓ.ም. ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የሕክምና ገንዘብ ሥራ ሲጀምር፣ ገንዘቡን የፈለገ ሐኪም ቤት ሁሉ ሕሙማንን በቀለም መለየቱን እንዲተው ግድ ሆነበት። ይህ ከሆነ ገና ስድሳ ዓመት ነው። በሪጋርድስ መዝገብ ከገቡት ሽማግሌዎች ብዙዎቹ ያን ዘመን በልጅነታቸውና በጐልማስነታቸው ያዩ ናቸው። ሕጉ ባንድ ቀን ቢሻርም ሥጋ የተቀበለው ባንድ ቀን አይሻርም።

ስለ ስያሜውም ጥቂት ልበል፤ እኛ የቃል ተማሪዎች ስምን ዝም ብለን አንቀበልምና። በአሜሪካ አንድ ሰው ሲሞት በሞት ወረቀቱ ላይ ዘሩን የሚጽፈው ብዙ ጊዜ የቀብር ሥራ አስፈጻሚው ነው፤ ከዘመዶቹ ጠይቆ ይጽፋል፤ አንዳንድ ጊዜም ፊቱን አይቶ ይጽፋል። ከዚህ የተነሣ ከአገሩ ጥንታዊ ነዋሪዎች፣ ከአሜሪካ ሕንዶች ወገን የሆኑ ብዙ ሰዎች ሲሞቱ ነጭ ተብለው ስለ ተጻፉ የነርሱ ሞት ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ይታያል። በሕይወቱ የተቸገረ ሰው በሞቱ ደግሞ ከቍጥር ይጐድላል። የእኛም ሰዎች እንዲሁ ናቸው። በ2020 ዓ.ም. በተደረገው የአሜሪካ የሕዝብ ቈጠራ ወረቀት ላይ ጥቍር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ ከሚለው ሥር ለምሳሌ ከተጻፉት ስሞች አንዱ ኢትዮጵያዊ የሚለው ነው። ስሙ በዚያ ይጻፍ እንጂ፣ የሞት ቍጥር ሲወጣ አያቶቹ በአላባማ የጥጥ እርሻ የኖሩትና ትናንት ከጐጃም የሄደው ባንድ ስም ባንድ አምድ ይደመራሉ። ስሙ ሰም ነው፤ ወርቁ የያንዳንዱ ሰው የኑሮ ታሪክ ነው፤ ሐኪምም ሆነ መንግሥት ሰሙን ብቻ ይዞ ቢቀር የቅኔውን ግማሽ ብቻ ሰማ።

ነገር ግን ስሙ ከንቱ ነው ብሎ መጣልም ስሕተት ነው። ባይቈጠሩ ኖሮ፣ በ45 ዓመት አራት እጥፍ የሚለውን ነገር ማን ያውቅ ነበር? ቍጥሩ ጩኸት ነው፤ ጩኸቱን የሰማ ሰው ከየት እንደ መጣ ሄዶ ማየት እንጂ፣ ጯኺው በተፈጥሮው ጯኺ ነው ብሎ መተኛት አይገባውም።

ይህን ሁሉ ከተማርሁ በኋላ ለወንድሜ ልጅ እንዲህ ብዬ መለስሁለት። «ልጄ፣ የጠየቅኸኝ በዘር መጣ ወይስ በአገር ተገኘ ብለህ ነው። የሰማሁትን ልንገርህ። በዚያ ወረቀት ላይ የተጻፈው ስም አልመታህም። የመታህ በሌሊት ሥራና በእንቅልፍ ማጣት መካከል ሳይለካ የኖረ፣ ቢለካም በልክ ያልተያዘ ደም ብዛት ሊሆን ይችላል። ከዘመዶችህም ያገኘኸው ይኖር ይሆናል፤ አያትህ ሳይለኩ አልፈዋልና ይህን መርምሮ የሚነግረን የለም። ልጆችህ ግን የሚለኩበት ዘመን ላይ ናቸው።» እሱም ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ «አጎቴ፣ ታላቂቱ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ነገ እወስዳታለሁ» አለኝ።

መፍትሔውስ? በዚሁ አሜሪካ በሎስ አንጀለስ ከተማ የተደረገው ነገር ለሁላችንም ትምህርት ነው። ሮናልድ ቪክተር የተባሉ ሐኪም፣ ጥቍር ወንዶች ወደ ሐኪም ቤት ለመሄድ ቢዘገዩም ወደ ጠጕር አስተካካያቸው ለመሄድ እንደማይዘገዩ አስተዋሉ። ጠጕር አስተካካይ ቤት ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው፣ የሚጫወትበት፣ የሚታመንበት ስፍራ ነው። ስለዚህ በ52 እንዲህ ባሉ ቤቶች ደም ብዛት የበረታባቸውን 319 ወንዶች መርጠው በሁለት ክፍል አደረጓቸው። ለአንደኛው ክፍል የመድኃኒት ባለሙያ ወደ ጠጕር ቤቱ ራሱ እየመጣ፣ ግፊታቸውን እየለካ፣ ከሐኪማቸው ጋራ በተስማማው መሠረት መድኃኒት ያዝላቸው ነበር፤ ሁለተኛውን ክፍል ጠጕር አስተካካዩ ወደ ሐኪም ሂዱ፣ ኑሯችሁንም አስተካክሉ ብሎ ይመክር ነበር። በ2018 ዓ.ም. እንደ ታተመው፣ ከ6 ወር በኋላ የላይኛው ቍጥር በፊተኞቹ ዘንድ በ27 ነጥብ፣ በኋለኞቹ ዘንድ በ9 ነጥብ ገደማ ወረደ። የፊተኞቹ ከ100 ሰው 64 ያህሉ ከ130 በ80 በታች ሆኑ፤ ከኋለኞቹ 12 ያህሉ ብቻ። ይህ ጥናት ግፊትን እንጂ ሞትን አልቈጠረም። ቢሆንም እነዚያ ሰዎች ትውልዳቸውን አልለወጡም፣ ሰፈራቸውንም አልለቀቁም፤ መድኃኒቱ ወደሚታመኑበት ስፍራ ስለ መጣላቸው ብቻ በግማሽ ዓመት ውስጥ ደማቸው ረጋ። ምክር ብቻውን ጥቂት ጠቀመ፤ ምክር ከመድኃኒትና ከመለኪያ ጋራ ሲሆን ግን ብዙ ጠቀመ።

የእኛ ሰዎች በተሰደዱበት አገር ሁሉ ይህን የመሰለ ስፍራ አላቸው። በዋሽንግተን ቢሆን በሎንዶን፣ በኢየሩሳሌም ቢሆን በዱባይ፣ ኢትዮጵያውያን በሚሰበሰቡበት ሁሉ ማኅበር አለ፣ እድር አለ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሰው አብሮ የሚቀመጥበት ሰንበቴ አለ። ወደ እስራኤል በተሻገሩት ወገኖቻችን ላይ ከጥቂት ዓመታት ኑሮ በኋላ የስኳር በሽታ እየበዛ መምጣቱን ሐኪሞች ጽፈዋልና፣ ዘሩ ወደ አዲስ መሬት ሲገባ ምን እንደሚያገኘው ማወቅ የሁላችን ጉዳይ ነው። እድር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሬሳ ወደ አገሩ ይልካል፤ ይህም የተመሰገነ ሥራ ነው። ነገር ግን አንዲቱ የግፊት መለኪያ ሬሳ ወደ አገር ከሚላክበት ገንዘብ በጥቂቱ ትገዛለች። ለቀብር የሚሰበሰበው ሰው በወር አንድ ቀን ለመለካት ቢሰበሰብ፣ ከማኅበሩም ውስጥ ያሉት ነርሶችና የመድኃኒት ባለሙያዎች ተራ ቢይዙ፣ ቍጥሩ ከፍ ያለበትንም ሰው ምክር ብቻ ሰጥተው ሳይለቁት መድኃኒቱን እስኪይዝ ድረስ ቢከተሉት፣ በዕድሜው እኩሌታ የሚወድቀው አባወራ ይቀንሳል።

እኔም ሃምሳን ካለፍሁ ጥቂት ዓመታት ሆነኝ፤ የላይኛው ቍጥሬ 150 ስለ ተገኘ በየማለዳው አንዲት ክኒን እወስዳለሁ፤ የወጥ ጨው እንዲቀነስም ነግሬአለሁ፤ በየወሩም እለካለሁ። አንባቢ ሆይ፣ አንተም ጥቍር ብትሆን ነጭ፣ እዚህ ብትኖር ባሕር ማዶ፣ ቀለምህን አይተህ አትፍራ፣ ቀለምህንም አይተህ አትመካ። ዕድሜህ ሠላሳ ቢሆንም ክንድህን ለመለኪያ ስጥ፤ ቍጥርህንም እንደ ስምህ እወቅ። በቤትህ ያለ ሰው ፊቱ ቢጣመም፣ ክንዱ ቢዝል፣ ቃሉ ቢተሳሰር፣ ይረፍ ብለህ አታስተኛው፤ ሰዓቱን አይተህ ያን ጊዜውኑ ወደ ሐኪም ቤት አድርሰው።